የምላስ ጉቦ የሚበላ ዳኛ

በገንዘብ የገዛኝ ሰው የለም፤ ሊገዛኝ የሞከረም የለም። እኔን የሚገዛኝ አፍ ነው። ነገሩን አሳምሮ፣ ድምፁን ዝቅ ከፍ አድርጎ፣ እጁን እያወናጨፈ የሚሟገት ሰው ካገኘሁ የሌለውን መብት ቆርሼ እሰጠዋለሁ። የሚንተባተበውን ደግሞ መጽሐፍ ገልጦ መስመሩን በጣቱ ቢያሳየኝ እንኳ አላየውም። ደግነቱ የተሾምኩት ሰው በሚታሰርበት ችሎት ላይ አይደለም። ቆቦ ከተማ ውስጥ፣ በቅዳሜ ከሰዓት ሙቀት፣ አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ከበን ለምንጫወተው ጨዋታ ነው። እዚያም ቢሆን ጥፋቴ ቀላል አይደለም፤ የሰው ሳንባ ውሃ አስሞልቻለሁ፣ አንድ ወንዝ አስቀምቻለሁ፣ አንድ ድርቅ ደግሞ እያወቅሁ አራዝሜያለሁ።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። አንዱ ሰው ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ሽፍታውን አታልለዋለሁ» ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል። ዳይሱ የማይደርስበትን ተራኪው ይፈርዳል። ይህ ሥልጣን የተወረሰው ከፕሩሲያ ጦር ነው ቢባል ያስኬዳል። መኮንኖቹ ካርታ ላይ ውጊያ የሚለማመዱበት ጨዋታ ነበራቸው፤ ደንቡ በዝቶ ሰው ሲሰለች፣ ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባለ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1876 «ደንቡን እንቀንስና ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ግምት ይፍረድ» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። (በዚያው ዓመት አፄ ዮሐንስ ጉራ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ሲገጥሙ ዳይስም ዳኛም አላስፈለጋቸውም።) ልምድ ያለው ዳኛ የሚለው ይሰመርበት። እኔ ለወንበሩ የበቃሁት ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ዳይሶቹን በእኔ ስም ስለላከ ነው።

ተጫዋቾቼ አራት ናቸው። ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ እኔንም ያስተማሩኝ፤ ዛሬም ጥያቄ ሲጠይቁኝ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። የእህቴ ልጅ፣ አፉ ቅቤ የሚያቀልጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። አንድ የመስኖ ባለሙያ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ያልረገጠው ቦይ የሌለ፣ ሲናገር ግን ሪፖርት የሚያነብ የሚመስል። እና ፋርማሲስቷ፤ ብዙ አትናገርም፣ ታነባለች። ዋናው ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ለማንም በነጻ ስለተለቀቀ በሁሉም ስልክ ላይ አለ። ለእኔ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሕጉን ብቻዬን ባውቀው ኖሮ ስህተቴንም ብቻዬን አውቀው ነበር።

ድግምትን በተጻፈለት መንገድ የሚጠቀም ተጫዋች ለዳኛ አያስቸግርም። እሳት ይወረውራል፣ ጉዳቱ ይቆጠራል፣ አለቀ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ «ግን እኮ... ውሃው የት እንደሚፈጠር የምመርጠው እኔ ነኝ አይደል?» ያለ ቀን ነው።

በውሃው ልጀምር። የመጀመሪያውን ታሪክ ያቀድኩት በኩራት ነበር። ጀግኖቹ ከቆቦ ተነስተው የዞብልን ተራራ ተሻግረው ወደ አፋር በረሃ ይወርዳሉ፤ ጠላታቸው ዘንዶ ወይም አጋንንት አይደለም፣ ጥም ነው። የውሃ ጉድጓዶቹን በካርታ ነጥቤያለሁ፣ የትኛው እንደደረቀ፣ የትኛው ባለቤት እንዳለው፣ ሰው ከግመል ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ። ጋሼ ክሌሪክ፣ ማለትም በጸሎት ኃይል ድግምት የሚሠራ ገጸ ባሕርይ ይዘው መጡና ገና ዞብልን ሳንጨርስ «ውሃ እፈጥራለሁ» አሉ። መጽሐፉ ላይ አለ፤ 1ኛ ደረጃ፣ ከዝቅተኞቹ ድግምቶች አንዱ፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ እስከ 10 ጋሎን ንጹሕ ውሃ። 38 ሊትር ማለት ነው፤ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ጀማሪ ክሌሪክ በቀን ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። በረሃዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነነ።

ጨዋታውን ከፈጠሩት አንዱ፣ ጋይጋክስ፣ የሚኖረው ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኒቫ በምትባል፣ ከነስሟ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነበር። እዚያ ውሃ መፍጠር የእጅ ማስታጠቢያ ያህል ነገር ነው፤ ርካሽ ቢያደርገው አይፈረድበትም። ቆቦ ላይ ለጀሪካን የተሰለፈ ሰው ግን የድግምቱን ደረጃ 1 ሳይሆን 5 ያደርገው ነበር። ይህን አስተውዬ ከጨዋታው በፊት «ይህ ድግምት እዚህ አገር ክቡር ነው፣ ከፍ ያለ ደረጃ ይፈልጋል» ብዬ ባውጅ ደንበኛ ፍርድ በሆነ። እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው። ጋሼን ፊት ለፊት መከልከል ስለፈራሁ «ውሃው ተፈጥሯል፣ ግን... ጨዋማ ነው፤ አፈሩ ጨው ስላለበት» አልኩ። ፋርማሲስቷ ስልኳን ሳታነሳ «ንጹሕ ይላል» አለች። አልሰማሁም አልኩ። ዕቃ ውስጥ የተፈጠረ ውሃ የትኛውን አፈር እንደነካ እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁትም።

ጋሼ በዚህ አልተበገሩም። ያው ድግምት ዕቃ ውስጥ በመቅዳት ፈንታ እንደ ዝናብ ማውረድም ይችላል፤ ስፋቱ በእያንዳንዱ ጎን 30 ጫማ። «እንግዲያስ የዚህን መንደር ማሽላ አጠጣለሁ፤ ባለውለታ እሆናለሁ፤ ሠራዊት ይሰጡኛል» አሉ። እኔ ደነገጥኩ። ድርቅን ድል የሚያደርግ የ1ኛ ደረጃ ድግምት! ልከለክል አፌን ስከፍት መስኖ ባለሙያው እስክሪብቶ አወጣ። 30 ጫማ 9 ሜትር ከምናምን፤ ስፋቱ 84 ካሬ ሜትር ገደማ፤ 38 ሊትር ሲበተንበት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። «ይህ አቧራ አያስተኛም» አለ። ቀጠለ፤ ለአንድ ሄክታር 1 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 10,000 ሊትር ያስፈልጋል፣ ይህም 263 ጊዜ መድገም ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ ከአራት ወር በላይ። ማሽላ ደግሞ የሚፈልገው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ሜትር ነው። «ደጋሊት ማሽላ ብትዘራ... ይቅርታ ጋሼ፣ ቢዘሩ፣ ደርቆ ለከብት ይሆናል።»

እኔ ልከለክለው የነበረው ነገር ምንም የማያመጣ ነበር፤ በጨው ያበላሸሁት ደግሞ እውነተኛው ጉልበት። አንድ ድግምት ለማሳ ቀልድ፣ ለመንገደኛ ሕይወት ነው። ሚዛን መጽሐፉ ገጽ ላይ ተጽፎ የሚገኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እጥረቱ ያለበትን ቦታ ማወቅ ይጠይቃል። ይህን ከእስክሪብቶው ተምሬ ልታረም ስችል «ጥሩ ስሌት ነው፣ ግን ጨዋታውን አታቀዝቅዝብን» ብዬ ባለሙያውን ዝም አሰኘሁት።

ሳንባው የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሽፍቶች መንገድ ዘጉ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ የሒሳብ ማረጋገጫ እንደሚጽፉ ሁሉ፣ «ክፍት ዕቃ ይላል። ሰውየው እየጮኸ ነው። አፉ ክፍት ነው። አፍ ከሳንባ ይገናኛል። ስለዚህ ሳንባው ክፍት ዕቃ ነው» አሉ። ይህ ብልሃት በእኛ አልተጀመረም፤ ጨዋታው ባለበት ሁሉ አንድ ሰው ያመጣዋል፣ አንድ ዳኛም ይንበረከክለታል። መልሱ ከባድ አይደለም። ይህ ከተፈቀደ የ1ኛ ደረጃ ድግምት ሰውን በአንድ ጊዜ ይገድላል ማለት ነው፤ እንዲህ በአንድ ቃል የሚገድለው ፓወር ወርድ ኪል ደግሞ 9ኛ ደረጃ፣ ከሁሉ የመጨረሻው ነው። ዘጠኙን ደረጃ በአንድ ሊትር ውሃ መዝለል አይቻልም ብሎ መዝጋት ነው። እኔ ግን የጋሼን «ስለዚህ» ስሰማ ጉልበቴ ራደ። ፈቀድኩ።

የፈቀድኩት ነገር ደግሞ ሕግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየውጊያው ሰው ደረቅ መሬት ላይ ይሰጥማል። የሌሎቹ ሰይፍና ቀስት ትርጉም አጣ፤ የእህቴ ልጅ ጋሼ እስኪጨርሱ ስልኩን ይነካካ ጀመር። ሐሳቤን በግልጽ ከመቀየር ይልቅ ተንኮል መረጥኩ፤ ያንኑ ድግምት የሚያውቅ ሽፍታ አመጣሁና የፋርማሲስቷን ሳንባ ሞላሁ። ለናንተ የተፈቀደ ለጠላትም ይፈቀዳል የሚለው የታወቀ መፈተኛ ነው፤ መጠየቅ የሚገባው ግን ከመፍቀድ በፊት ነው። እኔ ከፈቀድኩ በኋላ፣ ያውም በሌላ ሰው አስከሬን ጠየቅሁት። ዝም ብላ አዲስ ገጸ ባሕርይ መጻፍ ጀመረች።

መለኪያውን አላውቀውም ብል እዋሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዳኛው መጽሐፍ ድግምት ለሚፈጥሩ ሰዎች ሠንጠረዥ አለው፤ 1ኛ ደረጃ አንድ ሰው የሚመታ ከሆነ ሁለት ባለ 10 ገጽ ዳይስ፣ ብዙ ሰው የሚመታ ከሆነ ሁለት ባለ 6 ገጽ፤ 3ኛ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው የሚመታው ስድስት ባለ 6 ገጽ። የመጽሐፉ ዝነኛ ድግምት ፋየርቦል ራሱ 3ኛ ደረጃ ሆኖ ስምንት ዳይስ ይጥላል፤ ሕግ አውጪዎቹም ወዳጅ አላቸው ማለት ነው። ሠንጠረዡን በወረቀት ገልብጬ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ሰው ሲሟገት ግን ኪሴ ትዝ አይለኝም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ጀግኖቹ 7ኛ ደረጃ ደረሱ (የጀግና ደረጃ ከድግምት ደረጃ ይለያል)፤ ታሪኩንም ወደ ቤት መለስኩት፣ ጎሊና ወንዝ ዳር። ከራያ ውጭ ላለ አንባቢ፦ እዚህ ቆላ ላይ ዝናቡ የራሳችን ብቻ አይደለም፤ በስተምዕራብ ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ በጎሊናና በሆርማት ይደርሰናል። ገበሬው ከወንዙ አፍ በአሸዋ፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ክትር ሠርቶ ይጠልፈዋል። ዋናው ቦይ እናት ነው፤ ከእርሱ ሁለተኛው ይወጣል፣ ከሁለተኛው ትንንሾቹ ወደ ማሳ ይገባሉ። ኃይለኛ ጎርፍ ክትሩን ጠርጎ ይወስደዋል፤ እንደገና ይሠራል። ማን መቼ ስንት እንደሚጠልፍ የሚዳኙ የውሃ አባቶች አሉ፤ ከላይ ያለው ጠጥቶ ከታች ያለውን እንዳይረሳ የሚቆሙ።

የእህቴ ልጅ ኮንትሮል ዋተር የሚባል የ4ኛ ደረጃ ድግምት ይዟል፤ 100 ጫማ ስፋት ላይ ያለን ውሃ እስከ 10 ደቂቃ ወደፈለጉት አቅጣጫ ያስኬዳል፣ ሽቅብም ቢሆን። ጎርፉ ሲመጣ ልጁ ተነሳ። አቤት ንግግር! ጎርፉ እንዴት እንደሚያገሳ፣ እርሱ ክንዱን እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ውሃው እንደ ሰለጠነ በሬ አንገቱን ሰብሮ ወደ ባለሟሎቹ ማሳ እንዴት እንደሚዞር። መጨረሻ ላይ ሹክ አለ፤ «እና አጎቴ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የታችኞቹን ክትር ስለሚንደው፣ ድግምቱ ካለቀም በኋላ ውሃው በዚሁ ይቀጥላል።» የድግምቱ ጽሑፍ ከተወሰነው ስፍራ የወጣ ውሃ እንደ መሬቱ አቀማመጥ እንደሚፈስ በግልጽ ይናገራል፤ 10 ደቂቃ ደግሞ ለሰዓታት ለሚወርድ ጎርፍ ጉርሻ ናት። መፍቀድ የነበረብኝ ጉርሻዋን ነው። እኔ እናቱን ቦይ ለዘለዓለም ሰጠሁት። ያውም እያጨበጨብኩ።

መስኖ ባለሙያው ተዋጊ ነው የሚጫወተው፤ ገጸ ባሕርይው የተወለደው ከታች ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው፣ እርሱም መጀመሪያ ቀን ወረቀቱ ላይ ጽፎ ሰጥቶኛል። «ከታች ያሉ ተጠቃሚዎች... ድርሻቸው... ከግምት ውስጥ አልገባም» አለ። ድምፁ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስላል። «በታሪክ አስረዳኝ እንጂ!» አልኩት። ሰው ውሃው ተወስዶበት የንግግር ውበት ጎደለህ ተባለ። ከዚህ ከተማ ወጣ ብዬ አንድ የውሃ አባት ብጠይቅ መጀመሪያ የሚለኝ «ከታች ያለው ማነው? ጥሩት» ነው። ዘወልድ የምንላቸው የራያ ሽማግሌዎች ደም ሲያስታርቁ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይነሱም። እኔ ከእነርሱ አገር በቅዬ፣ የፈረድኩት ተውኔት እንዳየ ተመልካች ነው።

ጉድቤሪ ግን ሁሉንም ይበልጣል። የመጨረሻው ታሪኬ ድርቅ ነበር። መንደሩ ተርቧል፤ እህሉ በተራራ ጎተራ ተቆልፎ ጭራቅ ይጠብቀዋል፤ ጀግኖቹ ገድለው ያወጡታል፤ ለወራት ያዘጋጀሁት። ፋርማሲስቷ በአዲሷ ድሩይድ፣ የተፈጥሮ ጠቢብ በምትሆነው፣ ቀና ብላ «ስንት ሰው አለ መንደሩ ውስጥ?» አለች። «100 ገደማ» አልኩ፣ ያልጠረጠርኩ። ጉድቤሪ 1ኛ ደረጃ ነው፤ 10 ፍሬ ይፈጥራል፣ አንዷ ፍሬ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ታጠግባለች። 7ኛ ደረጃ የደረሰች ድሩይድ በቀን 11 ድግምት አላት። 110 ሰው። አስተካክላ ቆጥራ ነው የመጣችው። ይህ ብልሃት እንኳ አይባልም፤ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ደግሞም ነጻ አልነበረም፤ በየቀኑ ኃይሏን በሙሉ ለመንደሩ ሰጥታ ባዶ እጇን ልትቀር ነው። ከዚህ የበለጠ የተመዛዘነ ነገር ከየት ይመጣል?

እኔ ያየሁት ግን ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ጭራቄን ነው። «ድግምቱ ተቀጽላ ይፈልጋል፤ ድርቅ ስለሆነ ተቀጽላ የለም» አልኩ። እርሷ የድሩይድ በትር ዋጋ ያልተጻፈለትን ማንኛውንም ቅመም እንደሚተካ አሳየችኝ። በትሩ ተሰንጥቋል አልኩ። መቼ? ትናንት ማታ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግራሩ አመለከተች፤ ቅጠሉን አራግፎ ግራጫ የሆነው ግራር ላይ ተቀጽላው ለምልሞ ተንጠልጥሏል። «በበጋም አይደርቅም። ከግራሩ ነው የሚጠጣው» አለች። እኔም፣ አፌን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «በጨዋታው ዓለም ይደርቃል» አልኩ።

ጋሼ ዳይሳቸውን አስቀመጡ። በ1977 ዓ.ም. ከዚህ እስከ ኮረም ያለውን መንገድ ያዩ ሰው ናቸው። «አንተ ልጅ፣ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነበር፤ አዲስ አበባ በመብራት አሸብርቃለች። ረሃብ አለ ማለት በዓሉን ያበላሽ ነበር። ጥቅምት ላይ ፈረንጆቹ ኮረም መጥተው ፊልም አነሱና ዓለም ሰማ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔ የጎተራውን ጭራቅ የሣልኩበትን ወረቀት አጠፍኩ፤ መልሼ ዘረጋሁት፤ ብይኔን ግን አላነሳሁም። በዚያ ቅዳሜ የመንደሩ ሰዎች ተርበው አደሩ፣ ታሪኬ ስላላለቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ወንበሬ ላይ ፋርማሲስቷ ተቀምጣለች። ድምፅ ተሰጥቷል፤ እኔ አልተጠራሁም። ዳይሶቹ የእኔ መሆናቸውን ባስታውስም የሰማ የለም። ተጫዋች ሁን ተባልኩ። ዊዛርድ ሆንኩ፣ መጻሕፍት አንብቦ ድግምት የተማረ፣ ኩሩ፤ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያው ውጊያ ላይ ግሪስ የሚባለውን ድግምት ደገምኩ፤ መሬቱን 10 ጫማ በ10 ጫማ በቅባት ይሸፍናል፣ የቆመበት ሰው ተንሸራቶ ይወድቃል። 1ኛ ደረጃ። ሽፍቶቹ ሲወድቁ ችቦ አነሳሁ። ከዚያም ተነሳሁ። መጽሐፉ ለዚህ ድግምት ከሚጠይቃቸው ቅመሞች አንዱ ቅቤ መሆኑን አስታወስኩ፤ ስለ ራያ ላም ተናገርኩ፣ ስለ ግጦሹ፣ እናቶቻችን ስለሚንጡት ወተት፤ የራያ ቅቤ እሳት ነክቶት የማይነድ ከሆነ ምን ሊነድ ነው አልኩ። የእህቴ ልጅ አጨበጨበ። ጋሼ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ።

ፋርማሲስቷ ሠንጠረዡን አወጣች፤ የእኔን ወረቀት፣ ከኪሴ መቼ እንደወጣ አላውቅም። «1ኛ ደረጃ ብዙ ሰው ሲመታ ሁለት ባለ 6 ገጽ ነው። ያንተ ደግሞ ሰውንም ይጥላል፤ እሳቱንም ስትጨምር ሁለቱን በአንድ ዋጋ ልትወስድ ነው?» «መጽሐፉ አይነድም አላለም!» ብዬ ጮህኩ። «እውነት ነው፣ አላለም» አለች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ መስኖ ባለሙያው ዞራ «ሽፍቶቹ ሲወድቁ እርሱ የት ነበር የቆመው?» አለችው። ባለሙያው ካርታው ላይ በእስክሪብቶ ለካ። «ከቅባቱ ጠርዝ... ወደ ውስጥ፣ ግማሽ ሜትር።»

«እሺ፣ ይነዳል» አለች። «ዳይስህን ጣል።»

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ እትም ቅባቱ የማይነድ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። እኛ በአሮጌው ነው የምንጫወተው፣ ይህም ሆኖ ለቅዳሜ ንግግር እያዘጋጀሁ ነው፤ ግሪስ በምንም ተአምር ሊነድ እንደማይችል፣ ቅቤው የራያ ቢሆንም።